በእነ አሚና ጣራ ላይ የደረቀው ማንጎ

ባለፈው ሳምንት ልጄ ከድሬዳዋ ስትመጣ የታሸገ ደረቅ ማንጎ ይዛልኝ መጣች። ከውጭ የገባ ነው። አንዱን ቁራጭ ቀምሼ ስኳሩ በዛብኝ። «እኛ የምናደርቀው እንዲህ አልነበረም» ስላት ሳቀች፤ የምቀልድ መስሏት ነው።

አልቀለድኩም። ወጣት ሳለሁ፣ ትምህርት ጨርሼ ሥራ ስጠብቅ፣ ከጎረቤቴ ከአሚና ጋር ማንጎ እናደርቅ ነበር። ያኔ ሐረር ውስጥ ማንጎ ደርቆ ይበላል ብሎ ያሰበ ሰው መኖሩን እንጃ። ግንቦት ሲገባ ከሶፊ ገጠር በአህያ የሚመጣው ማንጎ የጊደር መጋላን ገበያ ይሞላዋል። ጠዋት የተወደደው ከሰዓት ይረክሳል፤ ሲመሽ ለፍየል ይደፋል። አንድ ቀን ከገበያ ስንመለስ አሚና ቆም ብላ፣ «ሥጋ ቋንጣ ከሆነ ይሄስ ለምን አይሆንም?» አለች።

የመጀመሪያው ጠቆረ። ቀጥሎ ያሰጣነውን ዝንብ ወረሰው። ሰፈሩ ሁሉ ሳቀብን። ከዚያ አናጢ ለምነን የእንጨት ፍሬም አሠራን፤ ወንፊት ወጠርንበት፤ ማንጎውን በስሱ ቆርጠን በሎሚ ውኃ ነከርነውና ላዩን በአሮጌ አጎበር ሸፈንነው። በእነ አሚና ጠፍጣፋ ጣራ ላይ እንደ ለፋ ቆዳ ለስልሶ ደረቀ። እናቷ አዴ ሳፊያ ቀምሰው እጃቸውን እንደገና ዘረጉ።

«ወላሂ፣ ይሄ ለማፍጠሪያ ነው» አሉ።

የኔ እናት ደግሞ ለሰኔ ጾም አስቀመጠችው። ገበያችን ከሁለቱም ወገን ሆነ።

በኋላ አንድ የድሬዳዋ ባለሱቅ «ያላችሁን ሁሉ አምጡልኝ» አለን። ሥራውን ልናሰፋ አቦከር ሰፈር ቤት ለመከራየት ስንነጋገር፣ ጅግጅጋ የመምህርነት ምደባ ወጣልኝ። አባቴ ጡረታ የወጡ ወታደር ነበሩ።

«የመንግሥት ሥራ ትተሽ ማንጎ ልትዘለዝዪ ነው?» አሉኝ።

ለአሚና ስነግራት ማንጎ እየላጠች ነበር። ቢላዋውን አላስቀመጠችም።

«ሂጂ። እኔ እይዘዋለሁ፣ ኢንሻአላህ» አለች።

ሄድኩ። እሷም ብቻዋን ያዘችው። ለእረፍት በመጣሁ ቁጥር ጣቶቿን በማንጎ ጭማቂ ቢጫ ሆነው አገኛቸው ነበር። አንድ ክረምት ግን ስመጣ ፍሬሞቹ ደረጃው ሥር ተደራርበዋል።

«ምነው?» አልኳት።

«ማንጎ የሚያመጣልን የሶፊ ገበሬ ዛፎቹን ነቅሎ ጫት ተከለ።»

«ሌላ ገበሬ አይፈለግም?»

«ሶፊን ዞርኩ። ጎረቤቶቹም ነቅለዋል። ምን ትያቸዋለሽ? ልጆቻቸውን የሚያበላቸው ጫቱ ነው። ኤረር ቆላ ድረስ ወርጄ እንዳልፈልግ ብቻዬን ሆንኩ። አንቺ ብትኖሪ...» አለችና አቋረጠችው። ሻይ ልትቀዳልኝ ተነሣች።

አሁን ሁለታችንም አርጅተናል። እኔ ጡረታ ወጥቼ ተመልሻለሁ፤ እሷም እዚያው ቤት ናት። ስለ ልጆች፣ ስለ ጉልበት ሕመማችን፣ ስለ ኑሮ ውድነት እናወራለን። ማስተማሬ አያስቆጨኝም፤ ተማሪዎቼን እወዳቸው ነበር። ያን ያቋረጠችውን ንግግሯን ግን «ጨርሺው» ብያት አላውቅም። ምናልባት እሷ ረስታዋለች። እኔ ማንጎ በወጣ ቁጥር በሐሳቤ እጨርሰዋለሁ። አንዳንድ ዓመት አብረን ኤረር እንወርዳለን፣ ሥራውም ይሰፋል። አንዳንድ ዓመት ጫቱ ያው ያሸንፈናል። በሁለቱም ግን አሚና ብቻዋን አይደለችም።