የስምንተኛው ደብዳቤ ባዶ ቦታ

እህቴ ቁጡ ናት። መጀመሪያ ይህን ልናገርና ይውጣልኝ። እኔም ብሆን አልሻልም፤ የአንድ እናት ልጆች ነን። ብቻ የእሷ ቁጣ ቦታ ይመርጣል፣ የእኔ ያገኘው ላይ ያርፋል። ይህን ስጽፍ አንጀቴ እያረረ ነው፤ ግማሹ ንዴት በአንድ አርታኢ ላይ ነው፣ ግማሹ በራሴ።

እታለም ነው የምላት፣ በሰባት ዓመት ትበልጠኛለች። ዕድሜዋን ሙሉ ዛሬ ማንም የማይነጋገርበትን አሮጌውን ቋንቋ ስታስተምር ኖራለች። ከትምህርት ቤት ስትመጣ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ የጓዳው ጠረጴዛ ላይ ድፍት ትላለች። እዚያ የሚጠብቃት አንዲት እናት ከሺህ ሁለት መቶ ዓመት በፊት አገር ጥሎ ለሄደ ልጇ የላከቻቸው ስምንት ደብዳቤዎች ናቸው። ብራናዎቹ ቤተ መዛግብት ውስጥ ተቆልፎባቸዋል፤ እታለም ጋ ያለው በትክክለኛ መጠናቸው የተነሳ ፎቷቸው ነው። አይጥ የበላው አለ፣ ውሃ የጠጣው አለ። እሷ ቀዳዳውን ሁሉ በማስመሪያ ትለካለች። ብራናው ላይ ሦስት ጣት ከጎደለ፣ በትርጉሙም ላይ ሦስት ጣት ባዶ ትተዋለች።

አንድ ቀን፣ "አንድ ቃል ገምተሽ ብትሞዪው ማን ያይሻል?" ብላት ማስመሪያውን ወረወረችብኝ።

"ያላለችውን ላስብላት? ሴትየዋ እኮ አፍ አላት!"

አፈር ከለበሰች ስንት ዘመኗ፣ እታለም ግን እንደ ጎረቤት ነበር የምትቆረቆርላት።

ጉዱ ያለው ስምንተኛው ደብዳቤ ላይ ነው፣ የመጨረሻው። ልጁ የገዛ ወንድሙን ለጠላት አሳልፎ ሰጥቷል፤ ወንድምየው እስር ቤት ሞቷል። እናትየዋ ወሬው ደርሷታል። "ያደረግኸውን ሰማሁ። ሦስት ቀን አፌ አልተከፈተም። አሁን ግን፣ ልጄ ሆይ" ትልና አምስት ጣት ቀዳዳ ይመጣል። ከቀዳዳው ማዶ፣ "ዓይኔ ደክሟል፤ ይህን የሚጽፍልኝ ሰውም መሽቶበታል" ብላ ታበቃለች። ይቅር አለችው ወይስ ረገመችው? እታለም ይህችን ለማወቅ ዐሥራ ስድስት ዓመት ፈጋች። ያልጻፈችለት ቤተ መዛግብት የለም፣ ሌላ ቅጂ ይኖር እንደሆነ ብላ። አልተገኘም። በመጨረሻ ባዶውን ባዶ እንደሆነ ትታ ትርጉሙን ለአሳታሚ ሰጠች።

የአሳታሚው አርታኢ አንደበቱ የለሰለሰ ሰው ስለሆነ እኔና እሷ "ቅቤው" እንለዋለን። "እትዬ፣ የዛሬ አንባቢ እኮ ባዶ ቦታ ሲያይ የኅትመት ስህተት ይመስለዋል" አላት።

"ይምሰለዋ!"

"እሺ፣ እሺ፣ እርስዎ እንዳሉ" አለ። እንዳለችው ግን አላደረገም።

እኔ የምሠራው ማተሚያ ቤት ነው፣ የማጠፊያ ማሽኑ ላይ። መጽሐፉ የታተመው እኛ ዘንድ ነበር። ስምንተኛው ደብዳቤ ያለበት ወረቀት እጄ ሲገባ አንዱን መዝዤ አነበብኩት። አምስቱ ጣት ሞልቷል፦ "አሁን ግን፣ ልጄ ሆይ፣ ይቅር ብዬሃለሁ፤ ና ወደ ቤትህ።" ልቤ ቅቤ ጠጣ። አገኘችው! አልኩ። ነገር ሸሽጋ መጨረሻ ላይ ማውጣት ከልጅነቷ ጀምሮ ልማዷ ነውና፣ ደስታዋን እንዳላበላሽባት ብዬ ትንፍሽ አላልኩም። ወረቀቱን መልሼ ማሽኑ ውስጥ ከተትኩት። በሦስት ቀን ውስጥ በሺህ የሚቆጠር ቅጂ በእነዚህ እጆቼ አልፎ ወጣ።

መጽሐፉ ሲደርሳት አጠገቧ ነበርኩ። ቀጥታ ስምንተኛው ጋ ከፈተችና ክው አለች። "ማነው ይሄን የጻፈው?" ስትል እሷ እንዳልጻፈችው ገባኝ፤ ማሽኑ ላይ ማየቴን ግን ደበቅኩ።

ቅቤው ቢሮ ድረስ ሄዳ ጮኸችበት። ጉዳዩ ሁለተኛው እትም ላይ እንደሚታይ ነገራት፤ እንዲያውም አንባቢ የወደደው ያቺን መስመር መሆኑን በፈገግታ አስረዳት። እውነቱን ነበር። በሳምንቱ የመጻሕፍት መደብሩ መስታወት ላይ በትልቁ ተለጥፋ አየናት፣ ከሥሯ የእህቴ ስም። ለአሳታሚው ደብዳቤ ብትጽፍ ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ።

በአራተኛው ወር አንዲት ነርስ አድራሻ አጠያይቃ ቤት መጣች። ከሥራ በቀጥታ ነው የመጣችው፤ ነጭ ጫማዋን አልቀየረችም። መጽሐፉን ያቺው ገጽ ላይ ከፍታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

"እናቴ ስድስት ዓመት አኩርፋኝ ሳታናግረኝ ሞተች" አለች። "ይቺን ሳነብ እሷ ያለችኝ መሰለኝ። መጥቼ ላመሰግንዎት ፈልጌ ነው።"

በሆዴ፣ እባክሽ እታለም፣ ዛሬን እንኳ ተይው አልኩ። እታለም መነጽሯን አወለቀች።

"እሱን እናትየዋ አላለችውም፣ የኔ ልጅ። ቀዳዳ ነው። ሌላ ሰው ነው የሞላው።"

"ታዲያ ምንድን ነው ያለችው?"

"አላውቅም። ዐሥራ ስድስት ዓመት ፈለግኩት።"

ነርሷ ፊቷ ተለዋወጠ። "ዝም ቢሉኝ ምን ነበረበት? ምን ይጎድልብዎት ነበር?" ብላ ጮኸች። መጽሐፏን እዚያው ትታ በሩን ወርውራው ወጣች። ደረጃው ላይ ስታለቅስ ይሰማ ነበር።

ያን ጊዜ ነው የተናገርኩት። "እታለም፣ እኔ ማሽኑ ላይ አይቼው ነበር። ያገኘሽው መስሎኝ ዝም አልኩ።"

ማስመሪያው አጠገቧ ነበር። ትወረውረዋለች ብዬ ጠበቅኩ፤ ብትወረውረው ደስ ባለኝ። አላነሳችውም።

"አንድ ቃል ብትነግረኝ ኖሮ አስቆመው ነበር" አለች። "ይቺ ልጅ ዛሬ አታለቅስም ነበር።" መጽሐፉን ወደ እኔ ገፋችው። "ውሰድላት። አንተ ራስህ ንገራት።"

ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለልኩ ወረድኩ። አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ደረስኩባት። ዓይኗን ጠረግ ጠረግ አድርጋ አየችኝ።

"ደግሞ አንተ ምን ልትለኝ መጣህ?"

መጽሐፉን ይዤ ቆምኩ። አፌ አልተከፈተም።