በረኪና

እጄ በረኪና በረኪና ሸተተኝና ጅዳ፣ ሂንዳዊያ ሰፈር ያደግሁበት ቤት ትዝ አለኝ።

ክርስቲያኗ ጎረቤታችን ወደ ሳዑዲ የመጣችው በሙስሊም ስም ነበር፤ የመኖሪያ ፈቃዷ፣ ኢቃማዋ ላይ ዘይነባ ትባላለች። ረቡዕ ቀን ቤታችን መጥታ ሥጋ አልበላም ስትል አባዬ፣ «ዘይነባ፣ ኢቃማሽ እኮ አይጾምም!» ይላታል። እንስቃለን። እሷም ትስቃለች፤ ግን ሁሌ ከሁላችን ዘግይታ።

አንድ ቀን እንደወጣች፣ «አባዬ ይጠላታል እንዴ?» አልኳት እማዬን።

«አስተግፊሩላህ! እንደ እህቱ ነው የሚያያት። ቀልድ ነው፣ ኸላስ!» አለችኝ። የሁላችንን ብርጭቆ በሳሙና አጥባ፣ የዘይነባን ብቻ በረኪና ውስጥ ነከረችው።

ዛሬ ክርስቲያኗ የሥራ ጓደኛዬ ቤቴ መጥታ ሻይ ጠጣች። በጾሟ ቀለድኩ። ሳቀች፣ ትንሽ ዘግይታ። ሸኝቻት ገባሁና ብርጭቆዎቹን አጠብኩ።

በረኪናውን መቼ እንዳነሳሁት አላውቅም።