የጋሽ ዋሪዮ መስመር

ባለፈው ቅዳሜ የእህቴ ልጅ ናርዶስ እኔ ቤት ሳሎን ተቀምጣ ከክፍል ጓደኞቿ ጋር የቤት ሥራ ትሠራ ነበር። ልጆቹ በየቤታቸው ናቸው፤ የሚጽፉት ግን ኮምፒውተር ላይ በተከፈተ አንድ የጋራ ገጽ ነው። አንዱ ይጽፋል፣ ሌላው ይሰርዛል፣ ሦስተኛው መሀል ገብቶ ይቀልዳል። ገጹን ያዘጋጀሁላቸው እኔ ነኝ። ናርዶስ ከላይ አንድ ባዶ መስመር አየችና "አክስቴ፣ ይሄ ተረስቶ ነው?" ብላ ልታጠፋው ስትል፣ ተዪው ብዬ ጮህኩባት። እሷም ደነገጠች፣ እኔም በራሴ ድምፅ ደነገጥኩ። ለባዶ መስመር እንዲህ የሚጮህ ሰው የለም።

ፍርሃት ግን ዓመታት ተኝቶ ይከርምና ባላሰቡት በኩል ይነሳል። ይህ ፍርሃት የጀመረኝ ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ ነገሌ በተመለስኩበት ሰሞን ነበር። አባቴ ለመንግሥት ሥራ ከሰሜን መጥቶ እዚሁ የቀረ ሰው ስለሆነ ከነገሌ ሌላ አገር አላውቅም፤ ቀይ አፈሯም ከካልሲዬ ለቆ አያውቅም። አንድ የመምህራን ኮሌጅ በሙከራ ቀጠረኝና በየወረዳው ላሉ መምህራን የተከፈተውን የኢንተርኔት መማሪያ እንድጠብቅ ሰጠኝ። መጠበቅ ያልኩት በዋዛ አይደለም። ሰርቨሩ አርጅቶ ነበር፤ እንደ በሽተኛ አጠገቡ እየተቀመጥኩ ትንፋሹን አዳምጥ ነበር።

የተልተሌ፣ የሻኪሶና የቦሬ መምህራን አንድ ላይ ሆነው ለሕፃናት የንባብ መጽሐፍ ያዘጋጁ ነበር። የጻፉትን የሚለዋወጡት በፍላሽ፣ ፍላሹን የሚልኩት በአውቶቡስ ሾፌር ነበር። ፍላሹ ቫይረስ ጠግቦ ይመለሳል። አንዱ "የመጨረሻ" ብሎ የሰየመውን ሌላው "እውነተኛው የመጨረሻ" እያለ ይልካል፤ የትኛው እንደሚበልጥ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ በየዓመቱ ሁሉም ነገሌ ይጠሩና ሁለት ሳምንት ተቀምጠው ያስታርቁታል።

ታላቅ እህቴ ሰናይት ከተልተሌዎቹ አንዷ ነበረች። ነፍሰ ጡር ናት። ከዚያ በፊት የያዘችው ወርዶባት ስለነበር የጤና ጣቢያዋ ነርስ መኪና እንዳትሳፈር አጥብቃ ነግራታለች። ከተልተሌ ያቤሎ፣ ከያቤሎ በአሬሮ በኩል ነገሌ ድረስ ያለውን መንገድ በሚያዝያ ዝናብ የሄደ ሰው ነርሷን ይረዳታል። ወንዙ ሲሞላ አይሱዙ ላይ ሆኖ ማዶውን እያዩ መዋል ነው፤ ሲጎድል ደግሞ እየተንገጫገጩ ድንጋዩን መቁጠር። መቅረት እንዳትችል የደረጃ እድገቷ በዚህ ሥራ ላይ ተንጠልጥሏል። በስልክ "ከጠሩኝ እመጣለሁ፣ ምን አደርጋለሁ" አለችኝ። እንደምትመጣ አውቃለሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የሚባል ነገር ራቀኝ።

የጋራ ገጽ የሚባለውን ነገር ለኮሌጁ ዲን ለአቶ ተክሌ ያነሳሁት በዚህ ምክንያት ነው። በጎ ልቤ ወይም እውቀቴ አይደለም፣ ፍርሃቴ ነው። ሁሉም ባሉበት ሆነው አንድ ገጽ ላይ ቢጽፉስ አልኳቸው። ለዚህ የሚሆን አዲስ ፕሮግራም ጫንኩ፤ ከመማሪያው ጋር ማስተዋወቁ ግን አሳር ሆነብኝ። መጀመሪያ ሰው ሁሉ ስሙ ጠፍቶ "እንግዳ" እየተባለ ይገባ ነበር። እሱ ሲስተካከል ሰርቨሩ ተኛና ቀኑን ሙሉ ሳይነሳ ዋለ። እንደምንም ብዬ እያንዳንዱ መምህር በስሙና በየራሱ ቀለም እንዲጽፍ አደረግኩ፤ በየከተማው ዞሬም አንድ በአንድ አለማመድኳቸው። አቶ ተክሌ ብዙ የማይናገሩ ሰው ናቸው። "ሐሙስ ጠዋት አሳዪኝ። አብረው ሲጽፉ ካየሁ ባሉበት ይሥሩ። ካላየሁ ከሰዓት የነገሌው ጥሪ ይላካል" አሉኝ።

ሐሙስ ከንጋት ጀምሮ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበው ነበር። ጎረቤታችን የላከችልኝ የግመል ወተት ሻይ በቴርሞስ እንዳለ ቀረ። አቶ ተክሌ ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡ። ስሞቹ አንድ በአንድ ብቅ አሉ፤ ቦሬ ገቡ፣ ሻኪሶ ገቡ፣ ተልተሌዎች ገቡ። የሰናይት ስም በወይን ጠጅ ቀለም ሲመጣ ልቤ ዘለለ። ከሁሉ በኋላ ጋሽ ዋሪዮ በአረንጓዴ ገቡ፤ የተልተሌ አንጋፋ መምህር፣ ከመካከላቸው ግማሾቹን ፊደል ያስቆጠሩ ሽማግሌ ናቸው። ሁሉም ተሟሉ።

ከዚያ ማንም አልጻፈም።

ነጭ ገጽ ብቻ ነው። ጠበቅኩ። ሰርቨሩ ደርቆ ይሆን ብዬ አንድ "ሀ" ጻፍኩ፤ ወጣ። አጠፋሁት፤ ጠፋ። የኔ መሥራቱ ግን የነሱን አያረጋግጥልኝም። አቶ ተክሌ ሰዓታቸውን አዩ፣ ዝናቡን አዩ፣ እኔን አላዩኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ዓይኔ ላይ የሚሄደው ሰናይት አይሱዙ ውስጥ ሆና ሆዷን በሁለት እጇ ደግፋ ስትንገላታ ነው። ለሥራዬ አልነበረም የፈራሁት፤ ሥራ ሌላ ይገኛል።

ሰናይት ጋ ደወልኩ፣ ኔትዎርክ የለም። ደግሜ ደወልኩ፣ የለም። የቀረኝ ሰርቨሩን አጥፍቶ ማስነሳት ነው። እንደ ባለፈው ተኝቶ ቢውል ሁሉም ነገር አበቃለት። ቢሆንም ሄጄ ጣቴን ማጥፊያው ላይ አደረግኩ። ይኼኔ ስልኩ ጮኸ። ሰናይት ናት፣ በሹክሹክታ ታወራለች።

"ምን ሆነሽ ነው ጽፈሽ የምታጠፊው? እኛ እኮ አንቺን እየጠበቅን ነው።"

"እትዬ፣ ለምን አትጽፉም?"

"ጋሽ ዋሪዮ ሳይመርቁ ማን ቀድሞ ይጻፍ? አጠገቤ እጃቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል። ይክፈቱልን ያላቸው ሰው የለማ። ገጹ ያንቺ አይደል? አንቺ ጠይቂያቸው እንጂ።"

መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ተወልጄ ያደግኩበት አገር ነው። ሽማግሌ ሳይመርቅ ስብሰባ ሲጀመር አይቼ አላውቅም፤ ሽማግሌም ሳይጠየቅ አይመርቅም። ይህን ሁሉ እያወቅኩ ኮምፒውተር ውስጥ ሲገቡ ሌላ ሰው የሚሆኑ መስሎኝ ነበር።

ተመልሼ በኦሮምኛ ሰላምታ ጀምሬ ጻፍኩ፤ "ጋሽ ዋሪዮ፣ አካም ነጉ። እባክዎ ሥራችንን ይክፈቱልን።"

አረንጓዴው ቀስ ብሎ ተንቀሳቀሰ። በአንድ ጣት የሚጽፍ ሰው አጻጻፍ ነው፤ ፊደል፣ ትንፋሽ፣ ፊደል። በኦሮምኛ ምድሩ ሰላም ይሁን አሉ። መስመሩ ገና ሳያልቅ ሰላም እንደማለት ከቦሬ "ናጋ" መጣ፣ ከሻኪሶ "ናጋ"፣ ከተልተሌ "ናጋ"፣ በየቀለሙ እየተጋፋ። ዝናቡ የሰላም ይሁን፣ ናጋ። የሚጽፍ እጅ አይዛል፣ ናጋ። ቀጥለው ጋሽ ዋሪዮ ትንሽ ቆሙና "በሆድ ያለችውም በሰላም ትምጣ" ብለው ጻፉ። ማን እንደሆነች የማያውቁ ሰዎች፣ የሰናይትን ማርገዝ እንኳ ያልሰሙ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ "ናጋ" አሉላት። እንባዬን መያዝ አቃተኝ።

አቶ ተክሌ ከወንበራቸው ተነስተው እስከ መጨረሻው ቆመው አነበቡ። ለምን እንደቆሙ አልጠየቅኳቸውም፤ እዚህ አገር ምርቃት ተቀምጦ አይሰማም። "በቃ፣ ባሉበት ይሥሩ" አሉና ወጡ። ከሁለት ወር በኋላ ሰናይት እዚያው ተልተሌ ጤና ጣቢያ ናርዶስን በሰላም ተገላገለች። ያረጀው ሰርቨር ከነገጹ ከተጣለ ቆይቷል፣ ጋሽ ዋሪዮም አርፈዋል። ምርቃቱን ከጭንቅላቴ በስተቀር የያዘው ነገር የለም። ከዚያ ወዲህ የጋራ ገጽ በከፈትኩ ቁጥር የመጀመሪያውን መስመር ለሳቸው እተወዋለሁ። እንዲህ ማድረጌ ሞኝነት መሆኑ አይጠፋኝም፤ ደፍሬ ግን ልሞላው አልችልም፣ ዛሬም እፈራለሁ።

ይህንን ሁሉ ቅዳሜ ዕለት ለናርዶስ ነገርኳት። ልጅቷ ቀልደኛ ናት፣ ትስቃለች ብዬ ነበር፤ አልሳቀችም። ወደ ገጹ ስትመለስ ከጓደኞቿ አንዱ በዚህ መሀል ባዶውን መስመር አጥፍቶት ኖሯል። ጣቷን ሰዳ ከላይ ወጣችና መልሳ ከፈተችው። ከዚያም ለሁሉም እንዲታይ ከግርጌ ጻፈች፤ "ከላይ ያለችውን መስመር አትንኳት፣ የኔ ናት።"