የበደሳዋ ቱባ ነፊ

ጭሮ በሚገኘው ዩኒቨርሲቲ የማርሽ ባንድ ሲቋቋም ረዲያ የዕፅዋት ሳይንስ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነበረች። ማስታወቂያውን ያየችው በተለጠፈ በሦስተኛው ቀን ነው። መሣሪያዎቹ ወደተቀመጡበት አዳራሽ እየሮጠች ብትደርስም ትራምፔቱ፣ ክላርኔቱ፣ ሳክስፎኑ ሁሉም ባለቤት አግኝቷል። እኔ የቀደምኳት በአሥር ደቂቃ ብቻ ነው፤ ለእኔ ትልቁ ከበሮ ደረሰኝ። ለእሷ ጥግ ላይ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ አንድ ግዙፍ ነገር ቀረ።

አሠልጣኛችን ሃምሳ አለቃ ጎበዜ በጦር ሠራዊት ባንድ ውስጥ ሠላሳ ዓመት አገልግለው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ብርድ ልብሱን ገለጥ አደረጉና ረዲያን ከላይ እስከ ታች አዩዋት።

«ልጄ፣ ይሄ ቱባ ይባላል። አሥር ኪሎ ይመዝናል። ከብዶኛል ብለሽ ብትተዪው አልቀየምሽም» አሏት።

«ጋሼ፣ እናቴ በደሳ ገበያ ጨርቅ ነው የምትሸጠው። ጣቃ ተሸክሜ ነው ያደግኩት» አለችና ብድግ አደረገችው።

እውነትም መሸከሙ አላቃታትም። ያቃታት ማስጮኹ ነው። የመጀመሪያውን ሳምንት ከቱባው የወጣው እፍፍ የሚል አየር ብቻ ነበር። ረዲያ ግን እልኸኛ ናት። ጠዋት ጠዋት ከክፍል በፊት ከካፌው ጀርባ፣ ከውኃ ጋኑ አጠገብ ትቀመጥና ጉንጯ እስኪቀላ ትነፋለች። በአሥረኛው ቀን ድንገት አንድ ወፍራም ድምፅ «ቧ!» ብሎ ወጣ። የግቢው ጥበቃ አይሱዙ መጥቶ ክላክስ ያደረገ መስሎት ትልቁን በር ወለል አድርጎ ከፈተው። ውጭ ማንም የለም። ከዚያ ወዲያ ጥበቃው ረዲያን ሲያያት «ሾፌሯ፣ ዛሬ ምን ጭነሻል?» ይላት ጀመር።

ለእናቷ ለወይዘሮ ሀኒፋ ስልክ የደወለችው ያን ቀን ነው፤ እኔ አጠገቧ ነበርኩ።

«አዮ፣ ቱባ እኮ ሰጡኝ!» አለቻት። አዮ በእኛ አገር እማዬ ማለት ነው።

«ማሻአላህ! ምን ዓይነት ቀለም?» አሉ እናቷ። ወይዘሮ ሀኒፋ ከጨርቁ ጎን ክርም ይሸጣሉ፤ ቱባ ሲባል የሚያውቁት የክሩን ቱባ ነው።

«ቢጫ።»

«ቢጫ ምን ያደርግልሻል? ማንም አይገዛውም። በጥቁር ቀይሩልኝ በያቸው።»

ረዲያ በሣቅ ሆዷን ይዛ መሬት ላይ ተቀመጠች። «አዮ፣ የሚነፋ ነው! ሙዚቃ ነው!» ብላ ብታስረዳም እናቷ የሚነፋ ክር ሊገባቸው አልቻለም። «ብቻ ትምህርትሽን አትርሺ» ብለው ስልኩን ዘጉት።

ሁለት ወር ያህል ከተለማመድን በኋላ ረዲያ ቅር አላት። ትራምፔት የሚነፋው ጌዲዮን፣ የአሰቦቱ ልጅ፣ ዜማውን እንደ ወፍ ሲያንቆረቁር እሷ ሙሉውን ሰዓት «ፑም፣ ፑም» ብቻ ነው። አንድ ቀን ለሃምሳ አለቃ ነገረቻቸው።

«ጋሼ፣ እኔ ኖርኩ ቀረሁ ምን ልዩነት አለው?»

እሳቸውም «ቱባ አውርጂ፤ ሌሎቻችሁ ከመጀመሪያው» አሉ። ማርሹን ያለ እሷ ተጫወትን። እኔ ከበሮዬን ስመታ እግሬ የት እንዳለ ጠፋኝ፤ ክላርኔቶቹ መፍጠን ጀመሩ፤ ጌዲዮን ራሱ ኋላ ኋላውን ያይ ነበር። መሐል ላይ ስንደርስ ሃምሳ አለቃ በእጃቸው «ግቢ» አሏት። ረዲያ ገባች። በከበሮዬ ቆዳ በኩል ድምጿ ደረቴ ድረስ መጣ፤ ሁላችንም እንደ አንድ ሰው መራመድ ጀመርን። ስንጨርስ ሃምሳ አለቃ ወደ እሷ ዞረው «አሁንም መልስ ትፈልጊያለሽ?» አሉ። ረዲያ ሣቀች፤ ከዚያ በኋላ አንድም ቀን አላጉረመረመችም።

ቢሆንም ዜማ መውደዷን አልተወችም። ሃምሳ አለቃ በምዕራብ ሐረርጌ ሰርግ ላይ የሚዘፈን አንድ የቆየ የኦሮምኛ ዜማ ለባንዱ አዘጋጅተው ነበር። ለአጃቢዎቹ ኖታ ጻፉልን፤ ዜማውን ግን ለጌዲዮን በቃል እያንጎራጎሩ ነው ያስያዙት። ረዲያ ማንም እንዲያስተምራት አላስፈለጋትም፤ እናቷ ጨርቅ ሲለኩ ሁልጊዜ የሚያዜሙት ነው። ከውኃ ጋኑ አጠገብ ብቻዋን ስትሆን ያንን የሙሽራ ዜማ በቱባ ትሞክረው ነበር። ዝሆን የሚዳንስ ይመስላል እያልን እንቀልድባታለን።

ረዲያ ሦስተኛ ዓመት ሳለች ሚያዝያ ላይ በደሳ ለሚመረቅ የአንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት እንድንጫወት ተጋበዝን። ቀኑ የገበያ ቀን ነበር። በአውቶቡስ እየዘፈንን ስንሄድ መንገድ ዳር ማር የሚሸጡ ሴቶች አየንና ወረድን። ጌዲዮን ማር ከነሰፈፉ ገዝቶ ሳያይ ገመጠው። ሰፈፉ ውስጥ የተደበቀች ንብ ኖራ የላይ ከንፈሩን ነደፈችው። በደሳ ስንደርስ ከንፈሩ እንደ እንጀራ ሊጥ ኩፍ ብሏል። ትራምፔቱን ቢያስጠጋውም ከንፈሩ አልታዘዝ አለው።

ማርሹንስ ሁለተኛው ትራምፔት እንደ ምንም ተወጣው። የሰርጉ ዜማ ግን አለ፤ የፕሮግራሙ መዝጊያም እሱ ነው። ግቢው በተማሪ፣ በወላጅ፣ ከገበያ በመጣ ሰው ጢም ብሏል። ሃምሳ አለቃ ላብ በላብ ሆነው ወደ እኛ ጎንበስ አሉ።

«ዜማውን የሚያውቅ አለ?»

ክላርኔቶቹ ተያዩ። ጌዲዮን ባበጠ አፉ «ረዲያ… ረዲያ ታውቀዋለች» አለ።

«በቱባ?» አሉ ሃምሳ አለቃ።

«ጋሼ፣ ይሣቁብኛል» አለች ረዲያ። ፊቷ ቀልቶ ነበር።

«ይሣቁ። ሰርግ ላይ ሊስቁ እንጂ ሊያለቅሱ ነው እንዴ የሚሄዱት? ተነሺ።»

ተነሣች። ሂጃቧን አስተካከለች፣ ቱባዋን አቀፈች፣ እኔን አየችኝና ራሷን ነቀነቀች። ከበሮውን ጀመርኩላት። የመጀመሪያዎቹ ድምፆች ከዚያ ከትልቅ አፍ ሲወጡ ሕዝቡ በእርግጥም ሣቀ። ሕፃናቱ አንዳቸው በሌላቸው ላይ ወደቁ። ግን ሦስተኛው ስንኝ ላይ ስትደርስ ሣቁ መልኩን ቀየረ። ሰዉ ዜማውን ለየው። ከፊት የነበሩ እናቶች ማጨብጨብ ጀመሩ፤ ከኋላ አንድ ሽማግሌ በትራቸውን ወደ ላይ አነሡ፤ ከዚያ ግቢው በሙሉ በኦሮምኛ አብሯት ዘፈነ። ረዲያ ስትነፋ ዓይኗ ይሥቃል። ቱባው አልከበደም፤ ዝሆን ሲዳንስ እንደዚያ እንደሚያምር እኔ አላውቅም ነበር።

ሦስት ጊዜ አስደገሙን። በሦስተኛው ላይ አንዲት ሴት የጨርቅ መለኪያ ሜትራቸው አንገታቸው ላይ እንደተንጠለጠለ ሰዉን በክርናቸው እየገፉ ወደ ፊት መጡ። ወይዘሮ ሀኒፋ ነበሩ። ዜማውን ገበያው ውስጥ ሰምተው ሱቃቸውን ለጎረቤት ትተው ነው የመጡት፤ የሚነፋው ማን እንደሆነ ግን አላወቁም ነበር። ልጃቸውን ሲያዩ ቀጥ ብለው ቆሙ።

«ያ ረቢ! ይሄ ነው ቱባው?»

«ይሄ ነው አዮ» አለች ረዲያ፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ።

እናቷ እጃቸውን ዘርግተው የቱባውን ትልቅ አፍ ዳበሱት፤ ጨርቅ ሲያዩ እንደሚያደርጉት በሁለት ጣታቸው ጠርዙን ነካ ነካ አደረጉት። ከዚያ ወደ ሃምሳ አለቃ ዞሩ።

«አንተ ነህ አስተማሪው?»

«አዮ፣ እርስዎ በዪ!» አለች ረዲያ በሹክሹክታ።

«እሺ፣ አንተ ነህ እርስዎ?» አሉ ወይዘሮ ሀኒፋ፤ አማርኛው እንደዚህ ሲሆን አይጨንቃቸውም። ሃምሳ አለቃ እስኪያነቡ ድረስ ሣቁ። «አዎ፣ እኔ ነኝ» አሉ። እናትየው እጃቸውን ጨብጠው ረጅም ምርቃት በኦሮምኛ አወረዱባቸው። ሃምሳ አለቃ ሁሉም ባይገባቸውም ቆባቸውን አውልቀው በእያንዳንዱ ቃል «አሜን» ይሉ ነበር። ስንመለስ ወይዘሮ ሀኒፋ አውቶቡሱ ውስጥ ሁለት ፌስታል ሙሉ ሙዝና ለጌዲዮን ከንፈር የሚሆን ቅባት አስጭነውልን ነበር።

ረዲያ ዛሬ የቡና ባለሙያ ናት፤ ከገበሬዎች ጋር ማሳ ለማሳ ስትዞር ትውላለች። የምርቃቷ ቀን ደግሞ እንዲህ ነው የሆነው።

ተመራቂም ናት፣ የባንዱ ቱባም ናት። ሌላ ቱባ ነፊ ስለሌለ ጋውኗን ለብሳ፣ ቆቧን ሂጃቧ ላይ ደፍታ ከእኛ ጋር ተቀመጠች። ተመራቂዎቹ እየተጠሩ ሲወጡ ባንዱ ቀስ ያለ ማርሽ ይጫወታል። መሐል ላይ ከመድረኩ ስሟ ተጠራ። ረዲያ ቱባውን ጌዲዮን ጭን ላይ ጣለችና በሩጫ ሄደች። ጌዲዮን ቱባ መንፋቱን አያውቅበትም፤ አቅፎት ብቻ ተቀመጠ። ሃምሳ አለቃ ግን አላስቆሙንም፤ ጣታቸውን በአየር ላይ አዙረው «ድገሙት» አሉን። ደገምነው። እሷ እጅ ትጨብጣለች፣ ፎቶ ትነሣለች፣ ወይዘሮ ሀኒፋ ከወላጆች መሐል ቆመው እልልታቸውን ያቀልጡታል። እኛ ደግመን ደገምነው። በአራተኛው ዙር ረዲያ ዲግሪዋን በብብቷ ይዛ እያለከለከች ተመልሳ መጣች፣ ቱባዋን ከጌዲዮን ነጠቀችና ልክ በቦታዋ ላይ «ፑም» ብላ ገባች።