የጨረቃዋ ነቁጥ

ጎንደር ፒያሳ ላይ የነበረው የክንዱ ፎቶ ቤት አንድ ደግ ባሕርይ ነበረው፤ ፈንጣጣ የፈነጨበት ፊት ገብቶ ሸጋ ፊት ሆኖ ይወጣል። ክንዱ ኔጋቲቩን መስኮት ላይ ደግፎ፣ የሾለ እርሳሱን በምራቁ እያራሰ፣ ነቁጥ የተባለን ሁሉ አንድ በአንድ ይደፍናል። በእጁ ያልዳነ ጠባሳ የለም። ሆስፒታሉ እንኳ ይህን ያህል ሰው አልፈወሰም።

ታዲያ ጎበዝ ሰው መች ይተዋል? አንድ ሚያዝያ የቀበሌው ካድሬ ጓድ ምናለ መጣ። የሶቭየት መንኮራኩር ፀሐይ ስትጠልቅ በጨረቃ ፊት አቋርጣ እንደምታልፍ፣ ቁስቋም ላይ የቆመ ሰው እንደሚያያት፣ አንድ ሩሲያዊ ሐኪም ነግረውታል። ረጅም ሌንስ ያለው ካሜራቸውንም አውሰውታል።

«ለሜይ ዴይ ኤግዚቢሽን ታነሳታለህ» አለ ምናለ። «ካመለጠችህ ግን ይህ ቤት የቀበሌ መሆኑን እንዳትረሳ። ለኅብረት ሱቃችን ቦታ ጠቦናል።»

ክንዱ ካሜራውን ተቀበለ። ጎልማሳነቱን የጨረሰው እዚያ ቤት ውስጥ ነው፤ ሌላ ሙያም የለው።

ቀኑ ደረሰ። ምናለ የቀበሌውን ሰው ቁስቋም ኮረብታ ላይ ሰብስቦ፣ ጨረቃ ብቅ እስክትል ንግግር አደረገ፤ ብቅ ካለችም በኋላ አላቆመም። ሰዓቱ ሲደርስ «ግራ እጅ ወደ ላይ!» ብሎ አዘዘ፤ ሕዝቡም ወደ ምናለ ዞሮ እጁን እየወነጨፈ መፈክሩን አስተጋባ። መንኮራኩሯ ያለፈችው ያኔ ነው። ክንዱ ዓይኑን ከካሜራው ሳይነቅል ቁልፉን ተጫነ። ያ ካሜራ ደግሞ ሲጫኑት ለቅጽበት ያጨልማል፤ ሲገለጥለት ጨረቃ ብቻዋን ነበረች። እግዜር ያሳያችሁ! ቀበሌ ሙሉ ሰው ወጥቶ አንድም ያያት የለም።

በማግሥቱ ፊልሙን አጠበ። ጨረቃዋ ሸጋ ሆና ወጥታለች፤ ፊቷ ላይ ግን ማድያት አለ፣ በዚያ ላይ የቅማል ዕንቁላል የምታህል ነቁጥ። «አቧራ» አለ ክንዱ፣ እርሳሱን አነሣ። እጅ ልማዱን አይተውም፤ ነቁጧን ደፈነ፣ ማድያቱንም ጠራርጎ አተመ። ጨረቃ የሙሽራ ፊት መስላ ጥርት አለች።

ሚስቱ ወርቅውሃ ፎቶውን ተቀብላ አገላበጠችው። «ሸጋ ናት። መንኮራኩሯስ?»

ክንዱ ክው አለ። «ወይኔ ጉዴ! ጠረግኋት!»

እርሳሱን ሊያስለቅቅ በቤንዚን ጥጥ ቢፈትገው የፊልሙ ልባስ አብሮ ተላጠ። ራሱን ይዞ ተቀመጠ። ለቤቱ ብቻ አልነበረም ያዘነው። ዕድሜውን ሙሉ የሌለ መልክ ሲሠራ የኖረ ሰው፣ አንድ ጊዜ ማንም ያላየውን እውነት ቢይዝ፣ በገዛ እጁ ማጥፋቱ አንገበገበው።

«ምነው ታዲያ፣ ያጠፋሃትን መልሰህ አትሥላትም?» አለችው ወርቅውሃ።

በታተመው ፎቶ ላይ ሣላት። መንኮራኩር አይቶ ስለማያውቅ የቤታቸውን የእጅ ባትሪ አስመሰላት፤ ሁለት የተርብ ክንፍ ጨመረላት፤ ሆዷ ላይ ኮከብ አደረገ። የጨረቃን ሲሶ ሸፈነች። ምናለ ሲያያት ግራ እጁን ወደ ላይ ወነጨፈ። «በዓይኔ ያየኋት ራሷ ናት!» አለ። ኤግዚቢሽኑ ላይ የቀበሌው ሰው ሁሉ እንዲሁ መሰከረ። ሩሲያዊው ሐኪም ብቻ ፎቶውን ቆመው ሲያዩ ቆይተው፣ ለክንዱ እጅ ነሥተው ሄዱ።

ቤቱ ተረፈ። ክንዱ ግን ከዚያ ወዲህ እርሳሱን አልነካም። ሙሽሮች ከነብጉራቸው ይወጡ ጀመር፤ ደንበኛውም እያጉረመረመ ሌላ ፎቶ ቤት ፈለገ። በመጨረሻ ምናለ ራሱ ለፓርቲ መታወቂያ ፎቶ ተነሣ። ጉንጩ ላይ ሌላው ሰው «ማርያም የሳመችኝ» የሚለው ጥቁር ምልክት አለ፤ ካድሬ ነውና እሱ በስሙ አይጠራውም። ፎቶውን ሲቀበል ጮኸ።

«ጓድ ክንዱ! ምነው ይህን ነገር ሳታጠፋው?»

«እኔ ነቁጥ ማጥፋት ፈርቻለሁ ጓድ» አለ ክንዱ። «ማን ያውቃል፣ ሶሻሊዝም ቢሆንስ?»

ምናለ ፎቶውን ወደ ብርሃን አስጠግቶ አየው። ከዚያ ጉንጩን በኩራት ዳሰስ አድርጎ፣ ስድስት ኮፒ አዘዘ።