የጋሽ ባቡር ደጃፍ

ዛፍ የሞላበት ሰፈር መኖር እንዴት ደስ ይላል የሚሉት እዚያ የማይኖሩት ናቸው። መንገደኛው ቀና ብሎ ቅርንጫፎቹ ከወዲህና ከወዲያ ተቃቅፈው ሲያይ «ገነት ነው!» ብሎ ያልፋል። ነዋሪው ግን በእኩለ ቀን መብራት ያበራል፣ አሸንዳው ይደፈንበታል፣ ግድግዳው ይረጥብበታል፤ ቅጠሉ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ይወርዳል። ይህን ሁሉ ቅጠል የምትጠርገው አንዲት ሴት ናት። የሥራ ባልደረቦቿ «ጥንቅቅ» ይሏታል፤ ለሙገሳ ይሁን ለሽሙጥ እስካሁን አልተለየም።

ጥንቅቅ ጎህ ሲቀድ ትገባለች፤ ሰው ሲነቃ ሌላ መንገድ ላይ ናት። በተቀጠረች ቀን አለቃዋ የነገራት ሕግ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ያንቺ ሥራ አስፋልቱና የእግረኛው መንገድ ነው፣ ደጃፍ የባለቤቱ ነው። ሁለተኛ፣ የሰው በር እንዳታንኳኪ፤ ጉርሻ ይለምናሉ እየተባለ ስሞታ ይመጣል። ሁለተኛውን ሃያ ዓመት ሙሉ አክብራለች። የጣሰችው የመጀመሪያውን ነው፤ ያውም ለአራት ቀን ብቻ።

ጋሽ ባቡር ጡረታ የወጣ ባቡር ነጂ ነበር። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ብቻውን ነው የሚኖረው። የጥንቅቅን መጥረጊያ ሲሰማ የራሱን ይዞ ይወጣና ሦስቱን የድንጋይ ደረጃዎች ይጠርጋል።

«ጋሼ፣ ዛሬ ባቡሩ ዘገየ» ትለዋለች።

«ባቡር አይዘገይም፤ መንገደኛው ነው የሚቸኩለው» ይላታል።

ዓመት በመጣ ዓመት በሄደ ያው ቀልድ ነው፤ ሁለቱም ይስቃሉ።

አንድ ሰኞ አልወጣም። ሌሊቱን የወረደው ቅጠል ደረጃው ላይ እንዳለ ነበር። «እንቅልፍ ጥሎት ይሆናል፤ ይተኛ እስቲ» አለችና ጠረገችለት። ማክሰኞም አልወጣም። «ወገቡን አሞት ይሆናል» አለችና ጠረገች። ረቡዕና ሐሙስም እንዲሁ። እንዲያውም ደስ ብሏት ነበር፤ ሲወጣ አይቶ ይመርቀኛል ብላ። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

ዓርብ ጎህ ሳይቀድ ሴት ልጁ አባቷ ስልክ አላነሳ ቢላት ከሌላ ከተማ መጣች። በራሷ ቁልፍ ከፍታ ስትገባ ኩሽናው ወለል ላይ ወድቆ አገኘችው።

ጥንቅቅ ለቅሶ ቤት ሄዳ ጥግ ያዘች። እዚያ ሁለት ነገር ሰማች። አንደኛው ሐኪሙ ያለው ነው፤ ሰውየው የወደቀው ሰኞ ነው፣ የሞተው ግን ረቡዕ። ሁለተኛውን የተናገረችው ከመንገዱ ማዶ የምትኖረው ልብስ ሰፊ ናት፤ ደረቷን እየደቃች።

«ቃል አስገብቶኝ ነበር! 'አንድ ቀን ደጄ ላይ ቅጠል ካየሽ ወድቄያለሁ ማለት ነው፤ በሩን ሰብረሽም ቢሆን ግቢ፤ ሳይቃጠል በቅጠል ነው' ብሎ ቀልዶብኛል። በየጠዋቱ መጋረጃ ገልጬ አያለሁ። ደጁ ጥርግርግ ብሏል! አራቱንም ቀን! ሬሳ እንዴት አድርጎ ይጠርጋል?»

ጥያቄው ከለቀስተኛው ቀድሞ ከቤት ወጣ። በሳምንቱ ሰፈሩ መልሱን አገኘ፤ ጋሽ ባቡር ከሞተ በኋላም እየተነሳ ይጠርጋል። ጠራጊ ደጃፍ እንደማይነካ ሁሉም ስለሚያውቅ፣ ጥንቅቅን የጠረጠራት አልነበረም። ከዚያ ወዲህ በዚያ መንገድ ደረቅ ቅጠል ኮሽ ባለ ቁጥር ሰው እርምጃውን ያፈጥናል።

ልብስ ሰፊዋ ባሰባት። የስፌት መኪናዋን ከመስኮቱ ሥር አንስታ ብርሃን ወደሌለው ጓዳ ወሰደች። መርፌ ጣቷን እየወጋት የሰው ቀሚስ በደም እየነካካች ደንበኞቿ ሸሿት። ሲነጋጋ የመጥረጊያ ድምፅ ስትሰማ ብርድ ልብሷን ትከናነባለች። ያ ድምፅ የጥንቅቅ ነው።

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! መንፈስ የሚባል እንደሌለ የምታውቀው ጥንቅቅ ብቻ ናት፤ ከሁሉም ይበልጥ የፈራችውም እሷ ናት። እዚያ ደረጃ ዘንድ ስትደርስ መጥረጊያዋን ከመሬት አንስታ ታልፋለች። ሰኞና ማክሰኞ ጋሽ ባቡር ከበሩ ወዲያ፣ ጥቂት እርምጃ ርቆ፣ በሕይወት ተጋድሞ ነበር። መጥረጊያዋ እየቀረበ፣ እየቀረበ ሲመጣ ሰምቶ ይሆን? ጠርቷት ይሆን? ምናልባት ድምፁን የዋጠው የራሷ መጥረጊያ ነው። ይህን ለማን ትናገር? የሆዷን በሆዷ ይዛ ሁለት ወር ከረመች።

አንድ ጠዋት ጥንቅቅ የልብስ ሰፊዋ አጥር ላይ «ቤቱ ይከራያል» የሚል ወረቀት ተለጥፎ አየች። ልብስ ሰፊዋ ሃያ ሁለት ዓመት የኖረችበትን ቤት ልትለቅ ነው። ጥንቅቅ ፀሐይ እስክትወጣ እዚያው ጠበቀቻት፤ በሩን ስትከፍት ቀረበቻት።

«እትዬ፣ አትሂጂ። እኔ ነኝ የጠረግኩት።»

«ምኑን?»

«የጋሼን ደጃፍ። አራቱንም ቀን። ላግዘው ብዬ ነው።»

ልብስ ሰፊዋ ወደ ውስጥ ተመለሰች።

«መንፈሱ ይሻለኝ ነበር» አለችና በሩን ዘጋች።

ወረቀቱ ግን በማግስቱ ከአጥሩ ላይ ተነሳ፤ የስፌት መኪናውም ወደ መስኮቱ ተመለሰ። ልብስ ሰፊዋ በየማለዳው የራሷን ደረጃ እየጠረገች፣ ጥንቅቅ ስታልፍ ቀና አትልም። ጥንቅቅ ይገባኛል ብላ ችላው ትሄዳለች።

ሦስት ሳምንት ሲሆን፣ አንድ ሰኞ፣ የልብስ ሰፊዋ ደረጃ በቅጠል ተሸፍኖ አገኘችው።

የአለቃዋ ሕግ ትዝ አላት፤ ቢያባርሩኝም ያባርሩኝ አለች። መጥረጊያውን ጥላ በሩን በጡጫዋ ደበደበች። «እትዬ! እትዬ!» መልስ የለም። በእግሯ መታችው፤ ጎረቤት መስኮት መክፈት ጀመረ።

በሩ ተከፈተ። ልብስ ሰፊዋ ለብሳ፣ ፀጉሯን አበጥራ፣ እዚያው ከበሩ ጀርባ ቆማ ነበር።

«ታንኳኪ እንደሆነ ልይ ብዬ ነው» አለች።

ጥንቅቅ የጣለችውን መጥረጊያ አነሳች።

«አንድ ነገር ልንገርሽ?» አለች ልብስ ሰፊዋ። «እዚህ ውስጥ ሆኖ ለሚሰማው፣ መጥረጊያሽ ጆሮ ሥር ነው።»

ጥንቅቅ ደረጃው ላይ፣ ቅጠሉ ላይ ተዘረፈጠች። ለጋሽ ባቡር ያላለቀሰችውን ያን ቀን አለቀሰችው። ልብስ ሰፊዋ አላባበለቻትም፤ ግን በሩን አልዘጋችውም።