የአራት መምህራን አንድ ኮት

በመተማ ቆላ ኮት ያለው ሰው ሁለት ችግር አለበት፤ አንዱ ሙቀቱ ነው፣ ሌላው ጎረቤቱ። እኔ ስመረቅ አባቴ በግ ሸጦ ያሰፋልኝን ጥቁር የሱፍ ኮት ይዤ ነው ለማስተማር ወደ ሽንፋ አካባቢ የወረድኩት። የመጣሁ ቀን ዕቃዬን ሳወርድ ያዩኝ ባለሱቁ ሐጂ፣ "ኡስታዝ፣ ይኼን ለማን አመጣኸው?" ብለው ጠየቁኝ፤ እዚያ መምህር ሁሉ ኡስታዝ ነው። ለራሴ ነው ስላቸው ውኃ ቀዱልኝ።

ደግሞ ያለኝን ልብስ ሚስማር ላይ ሰቅዬ ዝም ብዬ የማይ ሰው አይደለሁም። ኮቱን ውኃ ነክሬ ጀሪካን ላይ እጠቀልለዋለሁ፤ ውኃው ደህና አድርጎ ይቀዘቅዛል። ከሰዓት በኋላ መስኮት ላይ ሰቅዬ ፀሐይ እከልልበታለሁ፤ ስተኛ ደግሞ ትራስ ነው። አንድ ቀን ለወላጆች ስብሰባ ልተኩሰው ብዬ ግራ ኮሌታውን በከሰል ካውያ አቃጠልኩት። የካውያው ጫፍ ቅርጹ ቁልጭ ብሎ ቀረ። ቢሆንም በግቢያችን ከእሱ ሌላ ኮት አልነበረም።

በግቢው የምንከራይ መምህራን አራት ነበርን፦ እኔ፣ ከጎጃም የመጣ ሰንበሌጥ የሚያህል የሒሳብ መምህር፣ በር የሚጠበው የስፖርት መምህር፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው የአማርኛ መምህር። ጋሼ እኔ ፊደል ሳልቆጥር ጀምረው ዝውውር ሲጠይቁ የኖሩ፣ ባለቤታቸው ደጋ ብቻቸውን ያረጁባቸው፣ ጡረታ ለመውጣት ጥቂት የቀራቸው ሰው ናቸው።

እኔም ዝውውሩን የምፈልገው እንዲያው አልነበረም። ባለቤቴ ዳባት ሆና ስትወልድ እኔ ቆላ ነበርኩ። ልጄ መራመድ ጀምራ እንኳ በአካል አታውቀኝም፤ "አባባ የት አለ?" ሲሏት ወደ ስልኩ ትጠቁማለች። አንድ ቀን ስልኩን አልጋ ላይ አስተኝታ ነጠላ አለበሰችው ብላ ባለቤቴ እየሳቀች ነገረችኝ። እኔ አልሳቅኩም። ስልኩን ዘግቼ የዝውውር ማመልከቻ መጻፍ ጀመርኩ።

ለማመልከቻው ጉርድ ፎቶ ተጠየቅን፤ ጉርድ ፎቶ ደግሞ ያለ ኮት ሰው አያስመስልም። ከዚህ ሙቀት ያውጣን እንጂ የትም ይሁን ብለን አራታችን ቅዳሜ ፎቶ ቤት ሄድን፣ ኮቱንም በየተራ ለበስን። ለሒሳብ መምህሩ ሲሰፋው ትርፉን ከኋላው በመርፌ ቁልፍ ሰበሰብንለት። ለስፖርት መምህሩ አልገባ ሲለው ደረቱ ላይ ለጠፍንና እጅጌዎቹን ከጀርባው አሰርናቸው። ፎቶው ታትሞ ሲመጣ የአራታችንም ፊት ከሰል ሆኗል፤ ኮቱ ግን ከነቃጠሎው ክሩ እስኪቆጠር ድረስ ይታያል። ፎቶ አንሺው ግን "ኮቱ አምሯል" ብሎ አጽናናን።

ብዙም ሳይቆይ ማመልከቻውን ያስገባንበት ትምህርት ቢሮ ተጠራን። ፋይል የሚያጣራው ሰውዬ አራቱን ፎቶ ጠረጴዛ ላይ ደርድሮ ጠበቀን።

"አንድ ሰው በአራት ስም ዝውውር ጠይቋል" አለ። "ማን ነው?"

"አራት ነን እኮ ጌታዬ፤ ይኸው ቆመናል" አልኩት።

"እናንተን የት አውቃችኋለሁ? እኔ የማውቀው ፋይሉን ነው። ነገ በፎቶው ላይ እንዳላችሁ ሆናችሁ ኑ።"

ደሜ ፈላ፤ ነገር ግን ዝውውር ፈላጊ አፍ የለውም። በማግስቱ በሩ ላይ ተሰለፍን። መጀመሪያ እኔ ለብሼ ገባሁ፣ ወጥቼ ለሒሳብ መምህሩ አወለቅኩለት፣ እሱም ለስፖርት መምህሩ አሻገረ። የጋሼ ተራ ሲደርስ ኮቱ በሦስት ሰው ላብ ርሶ ከብዷል። እሳቸው ግን ፊታቸውን እንኳ ሳያጨፈግጉ ለብሰውት ገቡ። ሰውዬው የማንንም ፊት አላየም፤ ኮሌታውን ብቻ ከፎቶው ጋር ሲያስተያይ ቆይቶ ሁላችንንም ጠራን።

"አጣራሁ" አለ። "አራት ጊዜ የገባው አንድ ኮት ነው። ለአንድ ኮት የሚገባው ደግሞ አንድ ቦታ ነው። ዳባት ላይ አንድ ክፍት ቦታ አለ፤ ኮቱን የለበሰው ስሙን ሞልቶ ይፈርም። ኸላስ፣ አለቀ!" ወረቀቱንና እስክሪብቶውን ወደ እኛ ገፋ አድርጎ ሻይ ሊጠጣ ወጣ።

ኮቱ ያለው ጋሼ ላይ ነው። እኔ በልቤ እንኳ "እንኳን ደስ ያለዎት" ማለት አቃተኝ። እሳቸው ቁልፎቹን ቀስ ብለው ፈቱና ኮቱን ወደ እኔ ዘረጉት።

"እንካ፣ ልበስ" አሉኝ። "የእኔዋስ ብቻዋን መኖሩን ለምዳዋለች። ያንተዋ ሳትለምድ ድረስላት።"

በአገራችን ወግ እንዲህ ያለ ነገር ሲሰጡህ ቢያንስ ሦስት ጊዜ "ኧረ በጭራሽ! እንዴት ተደርጎ!" ትላለህ፤ እሳቸው "በሞቴ" ይሉሃል፣ ያኔ አንገትህን ደፍተህ ትቀበላለህ። እኔ አንድ ጊዜ እንኳ አላልኩም። ለብሼ ፈረምኩ።